የጎበጥኩበት ዕረፍት

ሰኞ ማታ

ደረስን። ፌንጣ አውቶቡስ ውስጥ አንዴ አስመለሳት፣ አንዴ ዘፈነች፣ አንዴ ደግሞ ሾፌሩን «ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ አለህ?» ብላ ጠየቀችው። ፌንጣ እህቴ ናት፣ ስድስት ዓመቷ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ወንድማችን ሽመል ነው፤ እግሯ መሬት ረግጦ ስለማያውቅ። ሽመልን ሽመል ያለው ደግሞ ሠፈሩ ሁሉ ነው፤ በቁመቱ።

ትምህርት ቤት እስኪከፈት አያቶቻችን ጋር እንቆያለን። መናኸሪያው ላይ እማዬ «እህትህን አደራ፣ ጠብቃት» አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ለፌንጣ ጆሮ ብዙ ነገር አንሾካሾከችላት። ፌንጣ እንደ ሽማግሌ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። «ወንድምሽን እንዳታስቸግሪው» እያለቻት ነው መሰለኝ። እስካሁን አልሠራም።

እንግዲህ ሥራዬ ጥበቃ ነው። ጥሩ ነው። ሥራ ያለውን ሰው «እንዴት ነህ?» እያሉ ዓይን ዓይኑን አያዩትም።

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው፦ ትምህርት ቤት ሲከፈት አልመለስም። እኔና ሽመል አንድ ክፍል ነበርን። በዓመት ይበልጠኝ ነበር፣ ግን አንድ ክፍል ደገመ። «ወደቀ አትበሉኝ፣ ወንድሜን እየጠበቅኩ ነው» ይል ነበር። ትኩሳት ያዘው፣ ሆስፒታል ገባ፣ ተመልሶ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ሞክሬ ነበር። ክፍል ስገባ ወሬው ሁሉ ቀጥ ይላል። የሒሳብ መምህሩ፣ ያ ሰውን በቁሙ የሚያደርቀው ሰውዬ እንኳ፣ ያልሠራሁትን የቤት ሥራ «ችግር የለም፣ ልጄ» አለኝ። ያኔ ነው የቆረጥኩት። የሒሳብ መምህር የሚያዝንልህ ቦታ አይኬድም።

ፌንጣ ከግርጌዬ ተኝታለች። ለብቻዋ አልጋ ተነጥፎላት ነበር። እንቅልፏ እንደ ድንጋይ ነው። የታደለች።

ማክሰኞ

የአያቶቼ ቤት ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ነው። አያቴ አባባ ልብስ ሰፊ ናቸው። አሁን የዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ ሱቁ እስከ ጣሪያው ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ድመታቸው የት እንዳለች የሚታወቀው ስታስነጥስ ብቻ ነው።

አባባ ሜትር አይጠቀሙም። አንድ አለ፤ ጥግ ላይ ከቆመችው ጭንቅላት የሌላት አሻንጉሊት አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። «ሜትር ዓይን ለሌለው ነው፤ ያ የተሰቀለው ደንበኛን ለማስደሰት ነው» ይላሉ። ሰው በር ላይ ሲቆም አንዴ ቀና ብለው ያዩታል፣ በቃ፣ ተለክቷል። አንዲት እናት ዛሬ ልጇን ይዛ ገባች።

«አራት ጣት ጨምሯል» አሉ አባባ፣ ከስፌት መኪናው ዓይናቸውን ሳያነሱ በሚባል ፍጥነት።

«ውይ፣ እውነትም አድጓል!»

«አንቺም ጨምረሻል። በወርድ።»

ሴትየዋ ስታኮርፍ እማማ ከጓዳ ወጥተው በሻይ አባበሏት። እማማ ሁለት ሥራ አላቸው፦ አባባ ያስቀየሙትን ማስታረቅና የቁልፍ ቀዳዳ መቅደድ። ቀዳዳውን ቀደው ዙሪያውን በእጅ ይዘመዝሙታል። በዚህ ሥራ እሳቸውን የሚስተካከል የለም፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ረቡዕ

እማማ ቤት ውስጥ «ሞት» የሚል ቃል እንዳይነሳ ከልክለዋል። ለፌንጣ ብለው ነው፤ ልጅ ናት። ግን ያለዚህ ቃል እንዴት ይኖራል? ራሳቸው ሾርባ ሲጨምሩልኝ «በሞ...» ብለው ይጀምሩና አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ።

«በጤናዬ ብላ!»

በጤና ተለምኖ የበላ ሰው አለ? በላሁ እንጂ፣ አሳዘኑኝ።

የአባባ ደግሞ ባሰ። ዋጋ ሲከራከሩ «ልሙት አልቀንስም» የለመደ አፍ ዛሬ «ልኑር አልቀንስም!» አለ። ደንበኛዋ «ይኑሩ እንጂ አባባ፣ ማን ከለከለዎት?» ብላ የፈለገችውን አስቀንሳ ሄደች።

ማታ ማታ ፌንጣ ስልኩን ይዛ ጠረጴዛ ስር ትገባለች፤ ከእማዬ ጋር ታወራለች። ዛሬ ጥቂት ሰማሁ። «ሁለት ዳቦ... ሾርባ ሦስቴ... እንቁላሉን ለድመቷ።» ስለምትበላው ለእማዬ ሪፖርት ታቀርባለች ማለት ነው። ነጭ ውሸት! ዳቦውን የበላሁት እኔ፣ እንቁላሉን ለድመቷ የሰጠሁትም እኔ። የኔን ሁሉ ለራሷ አድርጋ ታወራለች።

ዓርብ

እማዬ ዛሬ ስትደውል እኔን ጠየቀች። ድምጿ ከብርድ ልብስ ስር የሚመጣ ይመስላል። «የዘንድሮውን ዩኒፎርምህን አባባ ይስፉልህ፣ እሺ የኔ ጌታ? የአምናው አጥሮሃል።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ከዚያ አሰብኩበት። ልኬን የሚያውቅ ከሌለ ዩኒፎርም አይኖርም። ዩኒፎርም ከሌለኝ ዘበኛው ከበር ይመልሰኛል። እምቢ ያልኩት እኔ አልሆንም፤ የጨርቅ ጉዳይ ነው። ችግሩ አባባ ሰው የሚለኩት ሳያስፈቅዱ ነው፤ አንዴ ካዩኝ አለቀ።

ስለዚህ ዓይናቸውን ማሳሳት ነው። ከነገ ጀምሮ እጎብጣለሁ።

ቅዳሜ

ጎበጥኩ። ጉልበቴንም ትንሽ አጠፍ አደረግሁ። ሱቁን ሳቋርጥ አባባ መቀሳቸውን አስቀምጠው በመነጽራቸው አናት አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ወድቆብህ ነው?»

«ምንም፣ አባባ።»

«መርፌ የምትፈልግ መስሎኝ።»

እማማ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ወገቡን ነው! አይታይህም? ያ ፍራሽ ነው የሰበረው። ቀይረው ቀይረው ብዬ አፌ ተላጠ!»

«ፍራሹ ምን ሆነ? እኔ ዕድሜ ልኬን ተኝቼበት ይኸው እንደ ዘንግ ነኝ።»

«ማጭድ ነህ! ዘንግ ይለኛል እንዴ!»

አስተኝተው ጀርባዬን በቅባት አሹኝ። ሽታው ከሱቅ አልፎ መንገደኛ ያስነጥሳል። ፌንጣ እንዳላመልጥ እግሬን ይዛ ነበር። ማታ ከጠረጴዛው ስር «ወገብ... አዎ፣ እንባ... ከቅባቱ ነው መሰለኝ» ስትል ሰማኋት። የሰው ሕመም ማውራት ጀምራለች። በዚህ ዕድሜዋ ሐሜተኛ ሆነች።

ሰኞ

ፌንጣ አትለየኝም። መጸዳጃ ቤት ስገባ እንኳ ውጪ በሩን ተደግፋ ትቀመጣለች።

«አለህ?»

«አለሁ።»

ትንሽ ቆይታ፣ «አሁንስ?»

«ፌንጣ፣ የት እሄዳለሁ? መስኮቱ የድመት ጭንቅላት አያስወጣም።»

«አንተ ዝም ብለህ መልስ ስጥ።»

ምስኪን፣ ብቻዋን መሆን ፈርታለች። እኔ ባልኖር ምን ይውጣት ነበር?

ረቡዕ

አባባና እማማ ተኳርፈዋል። ምክንያቱ ፍራሹ ነው። (ማለትም እኔ ነኝ። ግን ማን ፍራሽ አንሡ አለ?)

እነሱ ሲጣሉ ጩኸት የለም። እማማ የሚጣሉት በቀዳዳ ነው። ሰላም ሲሆን ቁልፍ ሳያስቸግር ሾልኮ ይገባል። ሲኳረፉ ቀዳዳው ይጠባል፤ የሚቀጣው ደንበኛ ነው። ዛሬ የተቀጣው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሰደርያውን ሊሞክር መጣ። ሆዱን እየሳበ፣ እያላበው፣ ቁልፎቹን በመከራ ዘጋቸው። መክፈት ግን አልቻለም።

«እማማ» አለ፣ ቀና ብሎ መተንፈስ እያቃተው፣ «ዛሬም ተኳርፋችኋል እንዴ?»

«ማን? እኛ? ሰላም ነን» አሉ እማማ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ።

«ሰላማችሁ አፈነኝ እኮ!»

«ሆድህን ተቆጣ» አሉ አባባ። «ከለካሁህ ወዲህ ዳቦ ቤት ከነዳቦ ጋጋሪው ውጠሃል።»

በዚህ መሃል አንድ ሰውዬ አንገቱ ላይ ፎጣ እንዳሰረ፣ ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ እንደቆመ፣ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ኧረ ወንድም፣ ግማሽ ሰው አድርገህ ትተኸኝ የት ጠፋህ?» ፀጉር አስተካካዩ ደነገጠና ሊሮጥ ሲል ጨርቅ ክምር ላይ ወደቀ፣ ድመቷ ከስር ተወርውራ ወጣች። በመጨረሻ ፌንጣ ወንበር ላይ ቆማ ሰደርያውን በጭንቅላቱ መዛ አወጣችው። ጆሮው አብሮ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ፣ ሆዴን ይዤ። ከዚያ «አየኸው?» ልለው ወደ ጎኔ ዞርኩ።

ጎኔ የነበረችው አሻንጉሊቷ ናት።

መሳቄን አቆምኩ። ምን ዓይነት ወንድም ነው በሰደርያ የሚስቅ? ቀና ስል አባባም፣ እማማም፣ ፌንጣም እኔን እያዩ ነው፤ የምሥራች የመጣ ይመስል።

«ምነው?» አልኳቸው።

«ምንም» አሉና ሦስቱም ባንዴ ወደ ሥራቸው ዞሩ። ወዲያው ደግሞ እማማ ለአባባ ሻይ ቀዱላቸው። የነዚህ ሰዎች ነገር አይገባኝም። ማታ ፌንጣ ጠረጴዛ ስር ሳትገባ፣ ቆማ፣ እየዘለለች ነው በስልክ ያወራችው። ምን እንዳለች አልሰማሁም፣ ካውያ ላይ ነበርኩ።

ሐሙስ

በጥድፊያ። ወረፋው እስከ መንገድ። እኔ ካውያ፣ ፌንጣ ቁልፍ አቀባይ። ጣቴ ተቃጠለ። አንድ ቁልፍ ዋጠች። አልዋጠችም፣ ጫማዋ ውስጥ ተገኘ።

ፀጉር አስተካካዩ አባባን ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጁስ እንዴት ሆነላችሁ?» አላቸው። «ይበላል። እንቅልፍ ግን የለውም» አሉት። የየትኛው ደንበኛ ልጅ እንደሆነ እንጃ፤ ዛሬ ያልመጣ ልጅ የለም።

መጉበጥ እየረሳሁ ነው። እንዳልረሳ።

ቅዳሜ

አባባ ለማንም ሳይናገሩ ሰፍተውታል። ከቁርስ በኋላ ጠርተው ሱሪውን አስለበሱኝ፣ ኮቱን ዘረጉና «ግባበት» አሉኝ።

ገባሁ። እጆቼ እጅጌው ውስጥ ገብተው ቀሩ። ትከሻው ከትከሻዬ ወርዶ ተንጠለጠለ። ሱሪው ከጫማዬ አልፎ ወለሉን ጠረገ። ፌንጣ በሳቅ ትፈርሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

«የሽመል ነው» አለች።

ዝም ብዬ ከምቆም ብዬ ኮቱን ልቆልፍ ሞከርኩ። ቁልፎቹ በወግ ተደርድረዋል፤ ትይዩው ጨርቅ ግን ድፍን ነው። ቀዳዳ የለውም። እማማ አልቀደዱትም።

አባባ ኮቱን ቀስ አድርገው ከላዬ ወሰዱት። ወደ ጓዳ ገቡ። ጆሮዬን ጥዬ አይደለም የሰማሁት፣ ግድግዳው ስስ ነው።

«አውቀሽ ነበር?»

«ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው አወቅሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? ልኩ ትክክል ነው።»

ከዚያ በኋላ ከአባባ የሰማሁትን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ ወጥቼ ድመቷን ፈለግሁ። ድመቷ አልጠፋችም ነበር።

ሰኞ

ሱቁ ተዘግቷል። አባባ ከወንበራቸው አልተነሱም። «ሰውን ከሰው መለየት ያቃተው ዓይን መቀስ አይዝም» አሉ፣ በቃ። ወላጆች ያንኳኳሉ። ፌንጣ በሩን ገርበብ አድርጋ «አባባ የለም» ትላለች። ከዚያ ውሸት መሆኑ ይከነክናትና «አለ፣ ግን እያዘነ ነው። ነገ ኑ» ትላለች።

ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ ለመናቸው። «የሰደርያዬን ቀዳዳ ከፈለጉ ይበልጥ ያጥብቡት፣ እችለዋለሁ! ብቻ ይክፈቱ።» አልሰሙትም። እማማ ሾርባ አቀረቡ። «በጤናዬ» ምንም አልፈየደ።

የተቆረጠው ጨርቅ እንደተከመረ ነው። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት በውስጥ ሱሪ ሊሄድ ነው። የኔ ጥፋት አይደለም። የጎበጠ ሰው ልብሱ ቢያጥር እንጂ አይረዝምም። ይህን ደጋግሜ አሰብኩት። በየት በኩል ባዞረው ጥፋቱ የኔ አልሆን አለ። የኔ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ አባባ ከወንበሩ ይነሱ ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ዓይንዎ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎት።»

«ምን አድርገህ?»

«ሆን ብዬ ነበር የምጎብጠው። ወገቤ ጤነኛ ነው።»

«ኧረ ቅባቴን!» አሉ እማማ ከጓዳ።

«ለምን ብለህ ትጎብጣለህ?» አሉ አባባ።

ለዚህ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጨዋታ ነው ልል። አፌ ቀደመኝ። «እንዳይለኩኝ ብዬ። ዩኒፎርም እንዳይኖረኝ። ትምህርት ቤት መመለስ አልፈልግም። እሱ የሌለበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልችልም።»

መጀመሪያ የተናገረችው ፌንጣ ናት።

«እኔ አውቅ ነበር።»

«እኔም ጠርጥሬያለሁ» አሉ እማማ።

«ፀጉር አስተካካዩም ያውቃል» አለች ፌንጣ።

እኔ ምሥጢር የያዝኩ መስሎኝ!

አባባ ትክ ብለው አዩኝ። መጉበጥ ልብስ እንደማያስረዝም፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፉ ሰው አያጡትም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወደ ጓዳው ጮኹ።

«ሰማሽ? ጎብጦ ነው! ሲቃና ይህን ያህል ይሆናል ብዬ ጨመርኩበት። ትንሽ አበዛሁት እንጂ!»

«አበዛኸው» አሉ እማማ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም። «ትንሽ።»

«በል ቀጥ ብለህ ቁም።»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አባባ ወደ ጥጉ ሄዱና ሜትሩን ከአሻንጉሊቷ አንገት አወረዱት። እማማ ይህን ለማየት የሽንኩርት ድስታቸውን እሳት ላይ ጥለው መጡ። አባባ ሜትሩን ወዲህ ገለበጡት፣ ወዲያ ገለበጡት።

«አባባ፣ አንድ ከሚለው ነው የሚጀመረው!» አለች ፌንጣ።

«ዝም በይ፣ እኔ አንድን ሳውቅ እናትሽም አልተወለደችም።»

ትከሻዬን ለኩ፣ ክንዴን፣ ወገቤን፣ እግሬን። ከዚያ ሁሉንም እንደገና ለኩ። ሲጨርሱ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ቆየ።

«ይሄ አንተ ነህ» አሉ።

ከሰዓት ሱቁ ተከፈተ። የመጀመሪያዋን ደንበኛ «አርጅተሻል» ስላሏት ጤናቸው እንደተመለሰ አውቀናል። ሽንኩርቱ ግን አርሯል።

ዩኒፎርም ይኖረኛል ማለት እመለሳለሁ ማለት አይደለም። ስንት ሰው ኮት እያለው የትም አይሄድም።

ዓርብ

ደረሰ። ልክክ አለ። ቁልፎቹ ሳይነኩ የሚገቡ ነው የሚመስሉት። ትልቁን ኮት እማማ አጥፈው ቁም ሳጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት፤ ማንም ለምን አላላቸውም።

እራት ላይ እማማ «በሞቴ፣ አንድ ጭልፋ» አሉኝ። ምን እንዳሉ አልታወቃቸውም። አባባ ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። እኔ ሳህኔን አቀረብኩ።

እሑድ

እማዬ ልትወስደን ራሷ መጣች። ከስታለች፣ ግን ፀጉሯን ተሠርታለች። በሩ ላይ መጀመሪያ ያቀፈችው ፌንጣን ነው። «ጎበዝ፣ አደራሽን ተወጥተሻል» ብላ ቀይ ጫማ ከቦርሳዋ አወጣችላት። ቃል ገብታላት ኖሯል።

ምን አደራ? ጥበቃውን የሠራሁት እኔ፣ ጫማ የተሸለመችው እሷ። በአውቶቡስ ስንመለስ ፌንጣን ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «የሥራ ጉዳይ ነው» ብላኝ ጭኔ ላይ ተኛች።

እማዬ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ ነበር። አላስለቀቅኳትም፤ እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

ሰኞ ጠዋት

ከቤት፣ በጥድፊያ። አባዬ ገና ሳይነጋ መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ከከበደህ ነገም ቀን ነው፣ ማንም አያስገድድህም» አለኝ። አባዬ የመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደሆነ ረስቷል። ወንበር የሚያዘው ቀድሞ በገባ ነው። ካረፈድኩ መስኮቱ ጋ ያለውን የሽመልን ቦታ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ሰው ይዘረፈጥበታል፤ ከዚያ ተነሣ ብለው አይሰማኝም። እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የኔን ቦታ የፈለገ ይውሰደው።

ረፍዷል። ልሩጥ።